«ፎር ሴል» ልበል ወይስ «ኦን ሴል»? ባነር ከማሳተማችሁ በፊት

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የባነርና የስቲከር ቤት አለኝ። በሳምንት ሦስት አራት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዞ ይመጣል። «ወንድሜ፣ በእንግሊዝኛ ሴል ብለህ ጻፍልኝ» ይለኛል። «ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» ስለው «ያው ሴል ነዋ!» አንዱ ቤቱን ሊሸጥ ነው። ሌላው ጫማ ላይ ዋጋ ሊቀንስ ነው። ሌላዋ ደግሞ ሻጭ ልትቀጥር ነው። ሦስቱም አፋቸው ላይ ያለው ቃል አንድ ነው፣ ባነሩ ላይ መጻፍ ያለበት ግን ለየቅል።

ለእያንዳንዱ ሰው ቆሜ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ለመጣው ሁሉ በቴሌግራም ልላክለት ብዬ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። በእኛ ፊደል ሁሉንም «ሴል» ብለን እንጽፈዋለን፣ በእንግሊዝኛ ግን ሁለት ቃል ነው። «ሽያጭ» የሚለው ስም ኤስ፣ ኤ፣ ኤል፣ ኢ ተብሎ ይጻፋል፤ ሲነበብ ሳብ ይላል፣ «ሴይል» ነገር ነው። «መሸጥ» የሚለው ግስ ደግሞ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤል ነው፤ አጠር ብሎ «ሴል» ይባላል። ስለዚህ ከዚህ በታች «ሴይል» ካልኩ ሽያጭ፣ «ሴል» ካልኩ መሸጥ ማለቴ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ መጻፍም ይቻላል፣ ግን ስልክ ቃሉን በራሱ ይቀይርባችኋል።
• የዕቃችሁ ዋጋ ዝርዝር፣ የድሮውም አዲሱም። የድሮውን «በቃሌ አውቀዋለሁ» አትበሉ፣ ጻፉት።
• ካልኩሌተር። የስልኩ ይበቃል።
• የእኛንም የፈረንጁንም ቀን የሚያሳይ ካላንደር።
• የቫት ተመዝጋቢ ከሆናችሁ ከካሽ ሬጅስተራችሁ የወጣ አንድ ደረሰኝ።
• ሩብ ሰዓት ያህል ጊዜ። ባጃጅ አቁማችሁ «ቶሎ በልልኝ» እያላችሁ የሚሠራ ነገር አይደለም።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉት

ለደንበኛው መንገር የምትፈልጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። «ቤት እሸጣለሁ።» «ጫማ ላይ ዋጋ ቀንሻለሁ።» «የሽያጭ ሠራተኛ እፈልጋለሁ።» «በጅምላ አከፋፍላለሁ።»

ለምን? ሴይል የሚለው ቃል አራቱም ውስጥ ሊገባ ስለሚችል። ከእንግሊዝኛው ከጀመራችሁ የትኛውን እንዳላችሁ ራሳችሁም አታውቁትም። ወረቀቱ ላይ ያለው አማርኛ ነው እስከ መጨረሻው የሚመራችሁ፣ አትጣሉት።

ደረጃ 2፦ ስም ነው ወይስ ግስ?

ቃሉ የሚገባበት ቦታ ላይ በአማርኛ «ሽያጭ» ብላችሁ ሞክሩ። ከሄደ ሴይል ነው። የሚሄደው «እሸጣለሁ» ወይም «መሸጥ» ከሆነ ደግሞ ሴል ነው።

በሌላ መንገድ ከፊቱ ያለውን ቃል ተመልከቱ። «ፎር»፣ «ኦን»፣ «ቢግ»፣ «ዘ» ካለ የሚከተለው ሴይል ነው። «አይ»፣ «ዊ»፣ «ቱ»፣ «ካን» ካለ ሴል ነው። «ዊ ሴል ሹዝ» ማለት ጫማ እንሸጣለን። «ሹዝ ፎር ሴይል» ማለት የሚሸጥ ጫማ አለ። ያለፈው ጊዜ «ሶልድ» ነው፣ ተሽጧል ማለት። «ሴልድ» የሚባል ቃል የለም፤ ግን አንድ ሁለት ጊዜ ባነር ላይ አይቻለሁ።

ይሄ ደረጃ ለምን አስፈለገ? ይህን ስህተት ስልካችሁም ኮምፒውተሬም አይዙትም። ሁለቱም ትክክለኛ የእንግሊዝኛ ቃል ስለሆኑ ከሥራቸው ቀይ መስመር አይሰመርም። «ፎር» ብሎ ከጎኑ ኤስ-ኢ-ኤል-ኤል መጻፍ ከተማችን ውስጥ በየመኪናው መስታወት ላይ ያለ ስህተት ነው፣ እዛው ኤ-ፎር ወረቀቱ ላይ ቁጭ ብሎ ፀሐይ ይመታዋል፣ ማንም አያርመውም።

እግረ መንገዴን፦ ኤስ፣ ኢ፣ ኤ፣ ኤል ተብሎ የሚጻፈው ደግሞ «ሲል» ነው፣ ማኅተም ወይም ማሸጊያ ማለት። በሲ ፊደል የሚጀምረው «ሴል» ደግሞ የሞባይሉ ነው። አንድ የስልክ ጠጋኝ ሱቅ ላይ ሦስቱም ተቀላቅለው ሊገኙ ይችላሉ።

ደረጃ 3፦ ዕቃው የሚሸጥ መሆኑን ብቻ ለመናገር «ፎር ሴይል»

ፎር ሴይል ማለት «የሚሸጥ» ማለት ነው። በቃ። ስለ ዋጋ ምንም አይልም። ውድም ሊሆን ይችላል፣ ርካሽም። ቤት፣ መኪና፣ ሞተር፣ ፍሪጅ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ማለትም አንዴ ተሽጦ የሚያልቅ ነገር ላይ የሚጻፈው ይሄ ነው።

አጻጻፉ፦ መጀመሪያ የዕቃው ስም፣ ቀጥሎ ፎር ሴይል፣ ከሥሩ ስልክ ቁጥር። «ሃውስ ፎር ሴይል» ወይም «ካር ፎር ሴይል»። ስልክ ቁጥሩ ከርቀት የሚነበብ ይሁን። ሰው መኪናውን ያየው ቆሞ አይደለም፣ እሱም እየነዳ ነው።

ደላላ ካልፈለጋችሁ «ፎር ሴይል ባይ ኦውነር» የሚባል አባባል አለ። ባለቤቱ በራሱ ይሸጣል፣ ኮሚሽን የለም እንደማለት ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህን አጽፈው የሰቀሉ ሰዎች መጀመሪያ የደወለላቸው ደላላ ነው። ስለዚህ ከሥሩ በአማርኛ «ደላላ አይደውል» ብትጨምሩ ይሻላል፤ እንደዚያም ሆኖ ይደውላል።

«ኖት ፎር ሴይል» ደግሞ «አይሸጥም» ነው። ሱቃችሁ ውስጥ ለጌጥ የሰቀላችሁት ነገር ካለና ሰው እየጠየቀ ካስቸገራችሁ ትንሽ ስቲከር ይበቃዋል።

አሞራ ገደል ዓሣ ልበላ ሄጄ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጠዋት ነው፣ ዓሣ አጥማጆቹ ከሐይቁ ወጥተው ቆሮሶ እየለቀሙ ነው። አንድ ፈረንጅ ጀልባዋ ላይ ጣቱን ቀስሮ «ኢዝ ኢት ፎር ሴይል?» አለ። ልጁ ስለ ዓሣው የጠየቀው መስሎት «የስ የስ፣ ቺፕ!» አለው። ሰውየው ጀልባዋን ዞሮ ማየት ጀመረ፣ እንጨቱን መታ መታ አደረገው፣ ልጁ ደግሞ ዓሣውን በፌስታል አድርጎ ቆሞ ይጠብቀዋል። ፎር ሴይል የሚጠይቀው «ይሄ ነገር ይሸጣል ወይ?» ብሎ ነው። «ቅናሽ አለው ወይ?» አይደለም። መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ጣቱ የት እንዳለ እዩ።

ደረጃ 4፦ «ኦን ሴይል» ከማለታችሁ በፊት ቅናሽ መኖሩን አረጋግጡ

ሰው የሚሳሳትበት ዋናው ቦታ ይሄ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ኦን ሴይል ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው «ዋጋው ቀንሷል» ነው፣ አሜሪካኖቹ በብዛት የሚጠቀሙት እንደዚህ ነው። ሁለተኛው «ገበያ ላይ ውሏል፣ መግዛት ይቻላል» ነው፣ እንግሊዞቹ ጋ ይሄኛው የተለመደ ነው። የኳስ ወይም የኮንሰርት ትኬት ሰኞ መሸጥ ይጀምራል ለማለት «ጎ ኦን ሴይል ሰኞ» ዓይነት ነገር ይላሉ፣ ቅናሽ የለውም። እንግሊዞች የቅናሹን ዕቃ ለመጥራት ሲፈልጉ «ኢን ዘ ሴይል» ማለት ይቀናቸዋል።

ታዲያ ሐዋሳ ላይ የቱን እንያዝ? ቅናሽ የሚለውን። ፊልም ያየ፣ ከአሜሪካ ዘመድ ዕቃ የሚያስመጣ፣ ቲክቶክ የሚያይ ሰው ሁሉ ኦን ሴይል ሲባል የሚገባው ቅናሽ ነው። የመዝገበ ቃላቱ ሁለተኛ ትርጉም ሱቅ በር ላይ አያድናችሁም።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። አንድ ደንበኛዬ አዲስ የስልክ ዕቃ መሸጫ ከፍቶ «ዕቃ ገብቷል» ለማለት ኦን ሴይል አስጻፈኝ። ሦስት ሜትር ባነር፣ ቢጫ መደብ፣ ቀይ ጽሑፍ። ምን ለማለት እንደፈለገ ሳልጠይቀው አተምኩለት። ቀኑን ሙሉ ሰው እየገባ «ቅናሹ ስንት ነው?» ይለዋል። «ቅናሽ የለም» ሲል ሰው ይቆጣል። ከሰዓት በኋላ ባነሩን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዞት መጣ። «አንተ ልጅ፣ ምንድን ነው የጻፍክብኝ?» አለ። «የጻፍክልኝ» አላለም፣ «የጻፍክብኝ» ነው ያለው። በራሴ ወጪ ሌላ ሠራሁለት። አሁን ሳልጠይቅ አላትምም።

ስለዚህ፦ አዲስ ዕቃ ገባ ለማለት «ኒው አራይቫል» በሉ። ሱቅ ተከፈተ ለማለት «ናው ኦፕን»። ዋጋ ቀነሰ ለማለት ብቻ ኦን ሴይል።

ደረጃ 5፦ የቅናሹን ባነር ሙሉ አድርጉት

ሴይል የሚለው ቃል ብቻውን በትልልቁ፣ በተለይ በቀይ፣ ሲጻፍ «ቅናሽ አለ» ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። ግን ብቻውን አይበቃም፤ አራት ነገር ከሥሩ ይግባ።

ሀ. ምኑ ላይ? ሁሉም ዕቃ ላይ ነው ወይስ ጫማው ላይ ብቻ? ካልጻፋችሁ ደንበኛው ሁሉም ላይ ነው ብሎ ይገባል፣ ከዚያ መከራከር ነው።

ለ. ስንት? እዚህ ጋ አንዲት ፊደል ታጣላለች። ቅናሽ የሚለው «ኦፍ» ሁለት ኤፍ አለው። አንድ ኤፍ ብቻ ያለው «ኦፍ» ሌላ ቃል ነው፣ «የ» እንደማለት። «30% ኦፍ» በሁለት ኤፍ ከሆነ ከ2,000 ብር ጫማ ላይ 600 ብር ይቀነሳል፣ 1,400 ይሸጣል። በአንድ ኤፍ ከሆነ «የ30%» ብሎ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ምንም ትርጉም አይሰጥም።

«አፕ ቱ 50%» ከጻፋችሁ «እስከ 50%» ማለት ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ የተወሰነ ዕቃ ላይ እውነትም ግማሽ ዋጋ መኖር አለበት። «አፕ ቱ» የሚለውን በጉንዳን ፊደል ጽፋችሁ 50ውን በሜትር አታድርጉት። ሰው ቆሞ ያነበዋል፣ ገብቶ ይጠይቃል፣ ወጥቶ ያወራል።

ቅናሽ ላይ ቅናሽ ስትጨምሩ አትደምሩት። 50% ቀንሳችሁ «ተጨማሪ 20%» ካላችሁ 70% አይደለም። 2,000 ብሩ መጀመሪያ 1,000 ይሆናል፣ ሃያ በመቶው የሚሰላው ከ1,000 ላይ ስለሆነ 200 ይቀነሳል፣ 800 ይቀራል። ጠቅላላ ቅናሹ 60% ነው። ባነሩ ላይ 70% ብላችሁ ብትጽፉ ደንበኛው 600 ብር ይዞ ይመጣል፣ እውነትም አለው።

ሐ. ቫት አለበት ወይስ የለበትም? ቫት 15% ነው። ባነሩ 1,000 ብሎ ካሽ ሬጅስተሩ 1,150 ካወጣ ጸብ ነው። «ቫትን ጨምሮ» ብላችሁ የመጨረሻውን ዋጋ ጻፉ። ደንበኛው ከኪሱ የሚያወጣው ድፍን 1,000 እንዲሆን ከፈለጋችሁ 1,000ን ለ1.15 አካፍሉ፤ ማሽኑ ላይ የሚገባው 869.57 ነው፣ ቫቱ 130.43 ይሆናል። ብዙ ሰው ከ1,000 ላይ 15% ቀንሶ 850 ያስገባል፤ ያኔ ማሽኑ የሚያወጣው 977.50 ነው።

መ. እስከ መቼ? «ሴይል ኤንድስ» ብላችሁ ቀኑን ስትጽፉ የወሩን ስም በፊደል ጻፉ። 10/1 ብቻ ብትሉ የእኛ ሰው መስከረም 10 ይላል። አሜሪካዊው ኦክቶበር አንድ ይላል። እንግሊዙ ጃንዋሪ አሥር ይላል። ሦስቱም ልክ ናቸው፣ ሦስቱም የተለያየ ቀን ይመጣሉ። «እስከ መስከረም 10» በሉ፤ የውጭ እንግዳ የሚበዛበት ቦታ ከሆነ ከጎኑ «ሴፕቴምበር 20» ጨምሩበት። ካላንደሩን እዩ፣ በአንዳንድ ዓመት አንድ ቀን ይገፋል።

አማርኛውንና ሲዳሙ አፎውን አትርሱ። እንግሊዝኛው ዓይን ይስባል፣ ዝርዝሩን ግን አብዛኛው ደንበኛ የሚያነበው በራሱ ቋንቋ ነው። ለፊቼ ጫምባላላ ወይም ለእንቁጣጣሽ የምትሰቅሉት ከሆነ ይሄ የበለጠ ይሠራል።

ደረጃ 6፦ ኤስ ስትጨመርበት ትርጉሙ ይዞራል

«ሴይልስ» ከሆነ ከቅናሽ ጋር ግንኙነቱ ይቀራል። ሥራው ወይም የሽያጩ መጠን ይሆናል።

ሥራው ሲሆን፦ እኛ «ሴልስ ነኝ»፣ «ሴልስ ይፈለጋል» እንላለን፣ በአማርኛ ወሬ ውስጥ ችግር የለውም። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግን «ዊ ኒድ ሴይልስ» ማለት «ሽያጭ ያስፈልገናል» ነው፣ ገበያ ጠፋ ብሎ እንደማልቀስ ነው። ለሰው የሚባለው «ሴይልስፐርሰን» ነው፣ አንድ ቃል ሆኖ ይጻፋል። ሲቪያችሁ ላይ ደግሞ «አይ ወርክ ኢን ሴይልስ» በሉ።

መጠኑ ሲሆን፦ «ዴይሊ ሴይልስ» የቀኑ ሽያጭ ነው። ትርፍ አይደለም። በቀን የ6,000 ብር ዕቃ ሸጣችሁ፣ ዕቃው የተገዛው 4,800 ከሆነ፣ ሴይልስ 6,000 ነው፤ በእጃችሁ የቀረው 1,200 ላይ ኪራይ፣ መብራትና ሠራተኛ ገና አልወጣም። ከብድር ተቋም የሚመጣ ቅጽ ላይ ሴይልስ የሚል ቦታ ካለ 6,000ውን ጻፉ። «ፕሮፊት» የሚለው ሌላ ቦታ አለው። ይህን ያቀላቀለ ሰው ወይ ራሱን ድሃ አድርጎ ብድሩን ያጣል፣ ወይ ያልያዘውን ትርፍ አለኝ ይላል።

ደረሰኝ ላይ «ካሽ ሴይልስ» ካለ በእጅ በእጅ የተሸጠ ነው፣ «ክሬዲት ሴይልስ» ካለ በዱቤ። የዱቤውም ቢሆን ሽያጭ ነው፣ ብሩ ግን ገና መንገድ ላይ ነው።

«ሆልሴይል» ጅምላ ነው። መጀመሪያው ላይ ደብሊው አለችው፣ አትነበብም ግን ትጻፋለች። ደብሊውዋን ከጣላችሁ «ሆል» የሚለው «ቀዳዳ» ይሆናል። የቀዳዳ ሽያጭ።

ደረጃ 7፦ ከውጭ ስታስመጡ ጥቃቅኑን አንብቡ

አሜሪካ ያለች እህታችሁ «ሴይል ላይ ነው፣ ልግዛልሽ?» ብላ ስትጽፍላችሁ ስክሪንሾቱን አስልኩና እነዚህን ፈልጉ።

«ሴይል ፕራይስ» የተቀነሰው ዋጋ ነው። «ሴሊንግ ፕራይስ» ደግሞ ዝም ብሎ የሚሸጥበት ዋጋ ነው፣ ቅናሽ ላይኖረው ይችላል።

«ፋይናል ሴይል» ወይም «ኦል ሴይልስ ፋይናል» ካለ የተገዛ ዕቃ አይመለስም፣ አይቀየርምም። ጫማና ልብስ ከሆነ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አረጋግጡ። ዕቃው በሰው ሻንጣ ቦሌ ደርሶ ሐዋሳ እስኪገባ መመለሻው ቀን ቢያልፍም፣ ቢያንስ እህታችሁ እዛው እያለች ለክታ እንድትመልስ ዕድል አለ። ፋይናል ሴይል ላይ እሱም የለም።

«ክሊራንስ» እኛ ጋ ከመሥሪያ ቤት ስንለቅ የምናስፈርመው ወረቀት ነው። እነሱ ሱቅ ውስጥ ግን «ማራገፊያ» ነው፤ የቀረውን ዕቃ ለመጨረስ የሚደረግ ሽያጭ። ዋጋው ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው፣ ቁጥርና ቀለም ግን እንደልብ አይገኝም።

«አዝ ኢዝ» ማለት ባለበት ሁኔታ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ይሄ ካለ ተበላሽቶ ቢመጣ ሻጩ አይጠየቅም።

«ሴይልስ ታክስ» ደግሞ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። አሜሪካ ውስጥ የተለጠፈው ዋጋ ብዙውን ጊዜ ታክስ የለበትም፣ ሒሳብ ሲከፈል ይጨመራል፤ መጠኑም እንደየስቴቱ ይለያያል። ኦሪገንና ዴላዌር የስቴት ሴይልስ ታክስ የላቸውም። ስለዚህ እህታችሁ «80 ዶላር ነው» ብላ በኋላ 86 ብትላችሁ ትርፍ ያዘችብኝ አትበሉ።

ትልልቆቹ የቅናሽ ቀናት ብላክ ፍራይደይ፣ ማለትም የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ማግስት፣ እና እንግሊዝ አገር ዲሴምበር 26 ናቸው። በእኛ ኅዳር አጋማሽና ታኅሣሥ 17 ግድም ማለት ነው። ለገና የምታስመጡ ከሆነ የመጀመሪያው ይሻላል፣ የሁለተኛው ሻንጣ ለገና አይደርስም።

ማስጠንቀቂያ

መሬት ላይ ፎር ሴይል አታጽፉ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ወይም ንብረት ነው። «ላንድ ፎር ሴይል» ብሎ የሚመጣ ሰው ሲገጥመኝ አላትምለትም።

ዋጋ ሰቅላችሁ «ቀነስኩ» አትበሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የድሮውን ዋጋ ጻፉ ያልኳችሁ ለዚህም ነው፣ የሚጠይቃችሁ ሰው ሲመጣ የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል።

ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁትን «ቢል ኦፍ ሴይል» የሚል የእንግሊዝኛ ቅጽ ሞልታችሁ መኪና ሸጥኩ እንዳትሉ። የሽያጭ ውል ማለት ነው፣ ግን የእኛ አገሩ የመኪናና የቤት ውል ውልና ማስረጃ ሄዶ ነው የሚያልቀው።

ከመታተሙ በፊት ናሙናውን በስልክ አስልኩና ፊደል በፊደል፣ ከኋላ ወደ ፊት አንብቡት። ከፊት ስታነቡት ዓይናችሁ የሚጠብቀውን ያያል፣ ከኋላ ስታነቡት ግን የተጻፈውን ያያል። ስልክ ቁጥሩን ደግሞ ደውሉበት።

ሰው የሚሳሳትባቸው

«ቢግ ሴይልስ» ብሎ በኤስ መጻፍ። ትልቅ ቅናሽ ለማለት «ቢግ ሴይል» ይበቃል።

ከሴይል ጎን «ፊክስድ ፕራይስ» መለጠፍ። የዋጋ ክርክር ሰልችቷችሁ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን አንዱ ዋጋ ወረደ እያለ ሌላው ዋጋ አይነቃነቅም ሲል ደንበኛ ግራ ይገባዋል። በአማርኛ «የመጨረሻ ዋጋ ነው» በሉ።

«ሶልድ» እና «ሶልድ አውት»ን ማምታታት። አንድ ዕቃ ከሆነ ሶልድ፣ ብዙ ሆኖ ካለቀ ሶልድ አውት።

አንድ ሲገዙ አንድ ምራቂ ስትሰጡ ሴይል ብቻ ማለት። ያው ቅናሽ ነው፣ ግን ሰው የነጠላውን ዋጋ እንዲቀንስለት ይጠይቃል። «አንድ ሲገዙ አንድ ነጻ» ብላችሁ በአማርኛ ብትጽፉት ማንም አይሳሳትም።

ከሁሉም የሚብሰው ባነሩን አለማውረድ ነው። ቀኑ ሲያልፍ አውርዱት፣ በዚያው ቀን ማታ። እኔ ሱቅ ፊት ለፊት አንድ ሴይል የሚል ባነር አለ፣ ከፋሲካ በፊት ነው ያተምኩት። ቀዩ ቀለም ወደ ሮዝ ሄዷል፣ አንዱ ጥግ ተቀዶ በነፋስ ይመታል። ትናንት ባለሱቁ መጥቶ «ሌላ አድስልኝ፣ ሰው አልገባ አለ» አለኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥቼው ደረጃ 1 ላይ አስቀመጥኩት።